ማርኮኒ፡- አየሩን ገመድ ያደረገው ሰው

በግዳን ወረዳ ሙጃ ከተማ የሚኖር አንድ ዘመዴ ሰሞኑን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ፡፡ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ገዝቶ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ ዘርግቷል፡፡ ነገር ግን ልጆቹ የሚያጠኑበት የጓሮው ቤት ድረስ አልደርስ ብሎታል፡፡ እኔ ሕግ እንጂ ምህንድስና አልተማርኩም፡፡ ስለዚህ መልሱን ፍለጋ የሄድኩት ወደ አንድ ሟች ታሪክ ነው፡፡ የዘመዴን ችግር ከ130 ዓመት ገደማ በፊት በአባቱ ቤት ሆኖ የታገለው ሰው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ይባላል፡፡

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በጣሊያን ቦሎኛ ከተማ፣ ከባለጸጋ ጣሊያናዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፡፡ እናቱ በውስኪ ጠመቃ ከታወቀው የጀምሰን ቤተሰብ ናት፡፡ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፡፡ ሆኖም ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊ የቤተሰቡ ጎረቤት ስለነበሩ ጀርመናዊው ሄርዝ ስለደረሰበት የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ከእሳቸው ተማረ፡፡ ሄርዝ በሞተበት በ1894 ማርኮኒ 20 ዓመት ሞላው፡፡ በዚያው ዘመን በቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል መሣሪያዎቹን ደርድሮ፣ ያለምንም ገመድ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ያለ ደወል ማስጮህ ቻለ፡፡

እንግዲህ ጥያቄው እንደ ሙጃው ዘመዴ ነበር፤ ከቤት ውጭስ እንዴት ይድረስ? ማርኮኒ በ1895 የማሰራጫውን አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፣ ሌላውን ጫፍ መሬት ውስጥ ቀበረ፡፡ ርቀቱ ወዲያው ጨመረ፡፡ ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፡፡ ከኮረብታው ጀርባ የቆመው ወንድሙ መልእክቱ መድረሱን በጠመንጃ ተኩስ እንዳበሰረው ይነገራል፡፡ ከፍታና ትክክለኛ ቦታ ከጉልበት እንደሚበልጡ ወጣቱ የተማረው ያኔ ነው፡፡

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ፡፡ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ደገፉት፡፡ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በዚያው ዓመት አስገባ፣ በ1897 ኩባንያ አቋቋመ፡፡ በ1899 ምልክቱ የእንግሊዝን ቻናል ተሻገረ፡፡ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ደግሞ ከእንግሊዝ ኮርንዎል የተላከውን የሞርስ ኤስ ፊደል ማለትም ሦስት ነጥቦች በካናዳ ጠረፍ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሆኖ በወረወር በወጣ አንቴና መስማቱን አስታወቀ፡፡ ይህን የሚጠራጠሩ ዛሬም አሉ፡፡ በ1909 ከካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፡፡ በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ከ700 በላይ ሰዎች የተረፉት የማርኮኒ ኩባንያ ኦፕሬተሮች ባሰሙት ጥሪ ነው፡፡

አንድ ነገር ግን አልተሳካለትም፡፡ ምስጢር መጠበቅ! ሞገድን በመቃኘት መልእክት ከሌላ ጆሮ እንደሚሰወር ይናገር ነበር፡፡ በ1903 ለንደን ውስጥ ባልደረባው ለሕዝብ ሠርቶ ማሳያ ሊያቀርብ ሲል ግን፣ ኔቪል ማስከሊን የተባለ ምትሃተኛ ከደጅ የራሱን የስድብ መልእክት በመሣሪያው ላይ አስተላለፈበት፡፡ አየሩ በር እንደሌለው ታወቀ፡፡

የእኛ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ማርኮኒ በ1923 የፋሽስት ፓርቲ አባል ሆነ፡፡ በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው፡፡ ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር፣ ታላቁ ሊቅ በውጭ አገር እየዞረ ወረራውን ደግፎ ተሟገተ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ በበኩላቸው በጣሊያን ኩባንያ በተሠራው በአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ለዓለም አቤት ይሉ ነበር፡፡ ከጦር ግንባር በሬዲዮ የሚልኩትን መልእክት ግን የባዶሊዮ ሰዎች ከአየር እየጠለፉ ያነቡት ነበር፡፡ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነው ሆነ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያፈገፍጉ በላስታ በኩል አልፈው ላሊበላ ገብተው ጸለዩ፡፡ ሽንፈቱን ያመጣው የሬዲዮ ጠለፋ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑም የመርዝ ጋዙም ነበረ፡፡ ነገር ግን ምስጢሩ በአደባባይ የዋለ ሠራዊት ከመነሻው ተጎድቷል፡፡

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ፡፡ በማግስቱ የእንግሊዝ ሬዲዮ ጣቢያዎች ለ2 ደቂቃ ጸጥ አሉ፡፡ በ1943 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን ቀድመውታል በማለት የመቃኛ ፓተንቱን ዋና ዋና አንቀጾች ሻረ፡፡ ብዙዎች እንደሚያወሩት ፍርድ ቤቱ ሬዲዮን ቴስላ ፈጠረው አላለም፤ የመጀመሪያው ፓተንቱም አልተነካም፡፡

ይህን ሰው እናመስግነው ወይስ እንክሰሰው? በሕግ ዓይን ሁለቱም መዝገቦች ይከፈታሉ፤ አንዱ ሌላውን አይዘጋውም፡፡ ሥራው የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው፡፡ ለወረራው መሟገቱ ግን በስሙ እንደተመዘገበ ይኖራል፡፡

ለዘመዴ የሰጠሁት ምክርም ከዚሁ ሕይወት የተቀዳ ነው፡፡ ራውተሩን ከብረት ቁም ሣጥን አውጥተህ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጠው፡፡ የድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ ሞገድ ያፍናሉና ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ የተሻለ የሚያልፈውን 2.4 ተጠቀም፡፡ አሁንም ካልደረሰ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን ርካሹ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፡፡ እስከ 100 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ጓሮ ቤት ሁለተኛ ማሰራጫ መትከል ይሻላል፡፡ ከሁሉ በላይ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ቀይር፡፡ ላስታ አየር በር እንደሌለው ከማንም ቀድሞ ያውቃልና፡፡

ቸር ይግጠመን!