ሚካኤል ጽቬት፦ ኅብረ ቀለማትን ለይተው ለሳይንስ መንገድ የከፈቱ ሊቅ

በመድኃኒት፣ በምግብና በአካባቢ ቁጥጥር ላቦራቶሪዎች በየዕለቱ የሚሠራበትን የክሮማቶግራፊ ዘዴ ያፈለቁት ሚካኤል ጽቬት የሥራቸውን ፍሬ ሳያዩ ካለፉ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ጽቬት እ.ኤ.አ. በ1872 በጣሊያን አስቲ ከተማ ከሩሲያዊ የመንግሥት ሠራተኛና ከጣሊያናዊት እናት ተወለዱ። እናታቸውን በሕፃንነታቸው በማጣታቸው በስዊዘርላንድ አድገው፣ በ1896 ከጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት ወደ አባታቸው አገር ሲሄዱ ግን ዲግሪያቸው በሩሲያ ዕውቅና ተነፈገው። በመሆኑም በ1901 በካዛን የማስተርስ፣ በ1910 በዋርሶ የዶክትሬት ዲግሪ እንደ አዲስ ለመያዝ ተገደዱ።

ይህ ውጣ ውረድ ከምርምራቸው አላገዳቸውም። በዋርሶ ሳሉ ከቅጠል የተገኘን ቀለም በአሟሚ ፈሳሽ አሟሙተው በጠመኔ ዱቄት በተሞላ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አሳለፉት። ዱቄቱ አንዱን ንጥረ ነገር አጥብቆ፣ ሌላውን አላልቶ ስለሚይዝ፣ አንድ መስሎ የገባው ቀለም በአረንጓዴና በቢጫ ቀለበቶች ተለያይቶ ታየ። ግኝታቸውን በ1903 በዋርሶ ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር አቀረቡ፤ በ1906 በጀርመንኛ ባሳተሙት ጽሑፍም ክሮማቶግራፊ ብለው ሰየሙት። ቃሉ በግሪክኛ በቀለም መጻፍ እንደማለት ሲሆን፣ ጽቬት የሚለው ስማቸውም በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዘመኑ ስመ ጥር ኬሚስቶች ከዕፅዋት ተመራማሪ የመጣውን ዘዴ በጥርጣሬ ተመለከቱት። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በ1915 ከዋርሶ አፈናቀላቸው። በ1917 በታርቱ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ቢያገኙም ብዙ ሳይቆዩ በጦርነቱ ሳቢያ ወደ ቮሮኔዥ ተዛወሩ፤ በዚያም በ1919 በ47 ዓመታቸው አረፉ።

ዘዴያቸው ዳግም ትኩረት ያገኘው በ1931 በጀርመን ሃይደልበርግ ሪቻርድ ኩን እና ባልደረቦቻቸው ሲሠሩበት ነው። በ1952ም ማርቲን እና ሲንጅ የተባሉ እንግሊዛውያን ዘዴውን በማስፋፋታቸው የኖቤል ሽልማት ተቀዳጁ።

በ1962 ይፋ የሆነው ሱፐርክሪቲካል ፍሉይድ ክሮማቶግራፊም የዚሁ ሥራ ቅርንጫፍ ነው። በዚህ ዘዴ በአብዛኛው የሚያገለግለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅና ከ73 እጥፍ በላይ በሆነ የከባቢ አየር ግፊት ሲታመቅ እንደ ጋዝ በቀላሉ ይሰርጋል፤ እንደ ፈሳሽም ያሟማል። ግፊቱ ሲቀንስ በንኖ ስለሚወጣ የጎጂ አሟሚዎችን ፍጆታ ይቀንሳል። የመድኃኒት አምራቾችም እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ፣ በሰውነት ላይ ግን የተለያየ ውጤት ያላቸውን ሞለኪውሎች ይለዩበታል።

ዲግሪያቸው ዕውቅና የተነፈጋቸው፣ ዘዴያቸውም የተጠረጠረባቸው ምሁር ያቆሙት የጠመኔ ቱቦ የዘመናዊ ክሮማቶግራፊ መነሻ ለመሆን በቅቷል።