ዊልበር ራይት፦ ከመብረሩ በፊት መውደቅን ያጠና ሰው

የራይት ወንድማማቾች ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ያየነው አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ከአሸዋ ላይ ጥቂት ከፍ ያለች ስስ ማሽን፣ በሆዱ የተኛባት አንድ ሰው፣ በጎን ደግሞ የሚመለከት ሌላ ሰው። በጎን የቆመው ታላቅየው ዊልበር ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ስለ እሱ ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። ታሪኩን በወጉ ማንበብ የጀመርኩት የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ልምምድ በጀመርኩበት ወቅት ነው። አሰልጣኜ ደጋግሞ ከሚነግረኝ ነገር አብዛኛውን ይህ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ደርሶበት እንደነበር የተረዳሁት ያኔ ነው።

ዊልበር የተወለደው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሚልቪል በተባለች መንደር አቅራቢያ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1867 ነው (ቀናቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሚልተን ራይት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። እናቱ ሱዛን ደግሞ ለልጆቻቸው መጫወቻ በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያ ሴት ነበሩ። ዊልበር ጎበዝ ተማሪና ስፖርተኛ ስለነበር ዬል ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ1885 መጨረሻ ወይም በ1886 መጀመሪያ በበረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወት ፊቱን በዱላ ተመትቶ የፊት ጥርሶቹን አጣ። ጤናውም ታወከ። ሦስት ዓመት ያህል ከቤት ሳይርቅ፣ በሳንባ ነቀርሳ የታመሙትን እናቱን እያስታመመ፣ የአባቱን መጻሕፍት ሲያገላብጥ ከረመ። እናቱ በ1889 አረፉ። ዊልበር የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጥ ቀረ።

በ1892 ከታናሽ ወንድሙ ከኦርቪል ጋር በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ። ከአራት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ብስክሌት መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ አንድ ዜና ዴይተን ደረሰ። ሞተር በሌለው ክንፍ ከኮረብታ እየተንደረደረ በመብረር ዓለምን ያስደነቀው ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ወድቆ ሞተ። ከዚያ በፊት 2,000 ያህል ጊዜ በሯል።

ሌላው ሰው በዚህ ሞት ሲያዝን ዊልበር ሒሳብ መሥራት ያዘ። ሊሊየንታል በአምስት ዓመት ውስጥ በአየር ላይ የቆየበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አምስት ሰዓት ያህል ብቻ መሆኑን አሰላ። ብስክሌት ሠሪ እንደመሆኑም ነገሩ ወዲያው ገባው። ብስክሌት በጠቅላላው አምስት ሰዓት፣ ያውም በየጥቂቱ ሰኮንድ የነዳ ሰው በተጨናነቀ ጎዳና ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል ብሎ ማን ያምናል? ስለዚህ የበረራ ችግር የሞተርም የክንፍም እጥረት ብቻ አይደለም፤ ዋናው የጎደለው ማሽኑን የሚቆጣጠር፣ በልምምድ የበሰለ አብራሪ ነው ብሎ ደመደመ። ሌሎች ኃይለኛ ሞተር ሲፈልጉ እሱ የልምምድ ቦታ ፍለጋ ገባ።

ቦታውም ተገኘ። በሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳርቻ የምትገኘው ኪቲ ሆክ ነፋስዋ ብዙ፣ መሬትዋ አሸዋ ነው። ነፋስ ካለ ክንፉ ከመሬት አንጻር በዝግታ እየሄደም ይነሳል። አሸዋ ካለ ደግሞ የወደቀ ሰው ተነስቶ ልብሱን ያራግፋል። በ1900 እና በ1901 በሞተር አልባ አውሮፕላን የሞከሩት በአብዛኛው ከመሬት ብዙም ሳይርቁ ነበር። ከፍታን መቆጣጠሪያውንም ከክንፉ ፊት አደረጉት። በ1901 አንድ ቀን አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ በአየር ላይ ቆመ። ሊሊየንታልን የገደለው ይኸው ዓይነት ክስተት ነበር። የዊልበር ማሽን ግን በአፍንጫው ከመተከል ይልቅ ጠፍጣፋ ሆኖ አሸዋው ላይ አረፈ።

በዚያ ዓመት ውጤቱ ከጠበቁት በታች ስለሆነ ወደ ዴይተን ተመልሰው ትንሽ የነፋስ ሳጥን ሠሩ። በውስጡም 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን ፈተሹ። በ1902 ይዘውት የሄዱት አዲስ ማሽን ከ700 በላይ ጊዜ በረረ። እሱም ቢሆን ጠባይ ነበረው፤ ሲዞር አንዱ ክንፍ ወርዶ እየተሽከረከረ አሸዋውን ይቆፍር ነበር። መፍትሔው የኋላውን ጅራት ተንቀሳቃሽ ማድረግ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ዊልበር በማሽኑ ፊት አንዲት ቁራጭ ክር እንዳሰረ ይነገራል። ክሯ ወደ ጎን ከሄደች አውሮፕላኑ በትክክል አልዞረም፣ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ዛሬም በሞተር አልባ አውሮፕላኖች መስታወት ላይ ይህችው ክር ተለጥፋ ትታያለች። ከእሷ የረከሰ የደኅንነት መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያለው የታወቀ ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 1903 ሳንቲም ወርውረው ዕጣው ለዊልበር ደረሰ። አፍንጫውን ከልክ በላይ አቅንቶ ከ3 ሰኮንድ ተኩል በኋላ አሸዋው ላይ ወደቀ። ዲሴምበር 17 ኦርቪል 12 ሰኮንድ በረረ። በዚያው ቀን በአራተኛው በረራ ዊልበር 59 ሰኮንድ አየር ላይ ቆይቶ 260 ሜትር ያህል ተጓዘ።

ለኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው ፎቶግራፉ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያልወጣው የ1904 እና የ1905 ሥራ ነው። ወንድማማቾቹ በዴይተን አጠገብ ሀፍማን ፕሬሪ በሚባል የከብት ግጦሽ ላይ ልምምድ ጀመሩ። እዚህ የባሕር ዳርቻው ነፋስ የለም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ያህል ነው፤ በጋውም ይሞቃል። ሞቃትና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም ፕሮፔለሩም አቅም ያንሳቸዋል። በኪቲ ሆክ ከተነሳችው ጋር የምትመሳሰለው አዲስ ማሽን እዚህ አልነሳ አለች። ዊልበርና ኦርቪል ከባድ ክብደት ከምሰሶ ላይ ወድቆ ማሽኗን የሚያስፈነጥር መሣሪያ ሠርተው ችግሩን ተወጡት። የአዲስ አበባው ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ክብደት አያጣውም። ደጋ ላይ ከመነሳቱ በፊት የሙቀቱን፣ የከፍታውንና የጭነቱን ሒሳብ ያልሠራ አብራሪ መንደርደሪያው ሲያልቅበት ነው የሚነቃው።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ አሳሳቢ ነበር። ጠበብ አድርገው ሲዞሩ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ ያጋደለው ክንፍ አልቀናም ይልና ማሽኑ ወደ መሬት ይንሸራተታል። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1905 ኦርቪል አንድ እሾሃማ ዛፍ አጠገብ ሲዞር ይኸው ገጠመው። ሊያርፍ ብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ሲያደርግ ክንፉ ቀና አለለት። ወንድማማቾቹ ምክንያቱን ፈልገው አገኙት። አውሮፕላን በሚዞርበት ጊዜ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነቱ ካነሰ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል። ዛሬ ስቶል የምንለው ይህንን ነው። መድኃኒቱም አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መመለስ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ፣ ኦክቶበር 5 ቀን ዊልበር 39 ደቂቃ ያህል ሜዳውን እየዞረ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ።

ይህን ክፍል ሳነብ ከአሰልጣኜ ጋር ከፍ ብለን ስቶል የምንለማመድባቸው ማለዳዎች ይታወሱኛል። ከፍታው ሲኖር ነገሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ለማረፍ በተጠጋ ጊዜ ነው። አብራሪው ከመንደርደሪያው መስመር አልፎ ሄዷል እንበል፤ ለመመለስ መዞሩን ያጠብቃል። መሬቱ የቀረበ ስለሚመስለው ደግሞ ሳያስበው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። ከፍታውን ሳይለቅ 45 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር ስቶል የሚከሰትበት ፍጥነት በ19 በመቶ ገደማ፣ 60 ዲግሪ ሲያጋድል ደግሞ በ41 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ዝቅታ ላይ አፍንጫን ዝቅ ማድረግ ከተፈጥሮ ስሜት ጋር የሚጋጭ ነገር ነው፤ እጅ የሚታዘዘው ቀደም ብሎ ከለመደው ብቻ ነው። በአሜሪካ በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱ የሞት አደጋዎች መካከል ለረጅም ዓመታት ቀዳሚ ሆኖ የቆየው በበረራ ላይ ቁጥጥር የማጣት አደጋ ነው። መድኃኒቱ ከ1905 ጀምሮ የታወቀ በሽታ ዛሬም ይገድላል።

ዊልበር በ1908 ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ኦገስት 8 ቀን ሌ ማን አጠገብ ለሕዝብ በረረ። በረራው ሁለት ደቂቃ እንኳን ባይሞላም አውሮፕላኑን እንደልቡ ሲያዞረው ያዩት ፈረንሳውያን አብራሪዎች አፋቸውን ያዙ። በሚቀጥለው ወር ሴፕቴምበር 17 ግን በአሜሪካ ፎርት ማየር ላይ የኦርቪል ፕሮፔለር ተሰነጠቀና ከጅራቱ ጋር የተያያዘ ሽቦ መታ። አውሮፕላኑም ወደቀ። ኦርቪል ክፉኛ ሲቆስል አብሮት የነበረው ሌተና ቶማስ ሰልፍሪጅ ሞተ። በሞተር አውሮፕላን አደጋ የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። ወንድማማቾቹ ስብርባሪውን መርምረው መንስኤውን እስኪያገኙ ድረስ አላረፉም፤ ቀጣዩ ማሽንም ተሻሽሎ ተሠራ።

ጥንቃቄው በሌላም ነገር ይታያል። ሁለቱ አንድ ላይ ላለመብረር ለአባታቸው ቃል ገብተው ነበር፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል። አብረው የበረሩት ሜይ 25 ቀን 1910 በአባታቸው ፈቃድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስድስት ደቂቃ ያህል። ዊልበር በ1909 በኒውዮርክ ወደብ ላይ የነጻነት ሐውልትን ሲዞር ደግሞ ከአውሮፕላኑ ሥር አንዲት ታንኳ አስሮ ነበር። ውኃ ላይ ብወርድስ ብሎ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነው።

ያም ሆኖ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። የመጨረሻ ዓመታቱን በአብዛኛው የበላው የፈጠራ መብት ክርክር ነው። ከጠበቆችና ከፍርድ ቤት ጋር ሲሟገት አዲስ ነገር መሥራቱ ቀረ፤ ተፎካካሪዎቹም ቀደሙት። በ1912 የጸደይ ወራት ታይፎይድ ያዘው። ሜይ 30 ቀን በ45 ዓመቱ ዴይተን በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት አረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

በእነዚያ ዓመታት ብዙ ደፋሮች ከሰማይ እየወደቁ ሞተዋል። ከሁሉም ቀድመው በሞተር ከበረሩት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ የሆነውና ከኪቲ ሆክ አሸዋ ላይ ስንት ጊዜ ወድቆ የተነሳው ዊልበር ግን የሞተው አልጋው ላይ ነው። ዕድል ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ያቺን ክር፣ ያቺን ታንኳና የሊሊየንታልን አምስት ሰዓት ሒሳብ ሳስብ ዕድል ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል።