ሮበርት ቤክዌል፦ አውራ በግ ያከራየው ገበሬ

የእንስሳት ዝርያ ማሻሻያ ታሪክ ሲነሣ ከቀደምቶቹ ተርታ የሚቆመው ሰው የራሱ መሬት ያልነበረው፣ በኪራይ እርሻ የኖረ እንግሊዛዊ ገበሬ ነው። ሮበርት ቤክዌል ያረፈው ሜንዴል የዘር ውርስ ጥናቱን ከማሳተሙ 71 ዓመት አስቀድሞ ነው። ስሙ ዘወትር የሚነሣው እንስሳትን ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር በማራባቱ ቢሆንም፣ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ይልቅ አውራ በጎችን የማከራየት ሥርዓቱ የላቀ ፋይዳ እንደነበረው ለማሳየት ይሞክራል።

ቤክዌል እ.ኤ.አ. በ1725 በሌስተርሸር ግዛት፣ በላፍብሮ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የዲሽሊ እርሻ ተወለደ። በወጣትነቱ በልዩ ልዩ አካባቢዎች እየተዘዋወረ የአርቢዎችን ልማድ አጠና፤ በ1760 አባቱ ሲሞትም ከ170 ሄክታር በላይ የሚሰፋውን እርሻ ተረከበ። ዘመኑ የከተሞች ሕዝብ የሚበዛበት፣ የሥጋ ፍላጎትም የሚያድግበት ነበር። በጎች ግን እስከዚያ ድረስ በዋናነት የሚረቡት ለሱፋቸው ነበር፤ ወንዱም ሴቱም በአንድ ግጦሽ ተቀላቅሎ በዘፈቀደ ይራባል።

ቤክዌል አውራዎቹን ከመንጋው ለየ፤ የሚፈልገውንም ጠባይ አስቀድሞ ወሰነ። ቀጭን ዐፅም፣ በርሜል መሰል ገላና ቶሎ ለዕርድ መድረስ ዋና መመዘኛዎቹ ሆኑ። ጠባዩን ለማጽናት አባትን ከልጅ፣ ወንድምን ከእኅት አራባ። የታረዱ እንስሳትን ዐፅም አስቀምጦ፣ የሥጋ ብልቶችንም በጨው ውሃ አቆይቶ ትውልድን ከትውልድ ያነጻጽር ነበር። መኖንም አልዘነጋም፤ ሜዳውን በቦይ ውሃ እያጠጣ ሣሩን ደጋግሞ ያጭድ፣ ልዩ ልዩ ዝርያዎችንም ጎን ለጎን እየቀለበ የበሉትን ከጨመሩት ክብደት ጋር ያመዛዝን ነበር። አዲሱ የሌስተር በግ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ምርጥ አውራዎቹን ግን አይሸጥም፤ ለአንድ የእርባታ ወቅት ብቻ ያከራያል። መጀመሪያ ከአንድ ፓውንድ በታች የነበረው ኪራይ በ1780ዎቹ መጨረሻ ለስመ ጥሩዎቹ አውራዎች በመቶ በሚቆጠሩ ጊኒዎች ይተመን ጀመር። ጥቅሙ ግን ከገንዘቡ ያልፋል። አንድ አውራ በልዩ ልዩ መንጋ፣ በልዩ ልዩ ግጦሽና አያያዝ ግልገል ሲያፈራ፣ ቤክዌል ውላጆቹን አይቶ የትኛው አውራ ወደ ዲሽሊ ሊመለስ እንደሚገባው ያውቃል። አውራን በመልኩ ሳይሆን በውላጁ መመዘን የምንለው አሠራር በተግባር የታየው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሙከራውና ከሩቅ አገር ሳይቀር ለሚጎበኙት እንግዶች ያደርግ የነበረው መስተንግዶ ወጪ አብዝቶበት በ1776 ለኪሳራ ተዳረገ፤ ሆኖም ሥራውን ቀጠለ። የሌስተር በግ ሥብ አበዛ፤ የመውለድ አቅሙም ዝቅ አለ። ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶቹ በሥጋ ሲሻሻሉ በወተት ቀነሱ፤ ከእርሱ የተማሩት የኮሊንግ ወንድማማቾች ያሻሻሉት የአጭር ቀንድ ከብትም ውሎ አድሮ ቦታቸውን ወሰደ። ከሁሉ በላይ ግን ቤክዌል ዘዴውን በምስጢር ስለያዘ የመረጣውን ዝርዝር የሚገልጽ መጽሐፍ ሳይተው በ1795 ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ የሆነውን ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ አንሥቶታል። ሁለት አርቢዎች ከቤክዌል መንጋ የወረሱትን ዘር ሌላ ደም ሳይቀላቅሉ ከ50 ዓመት በላይ ቢያራቡም፣ የሁለቱ በጎች ፍጹም የተለያየ ዝርያ እስኪመስሉ ድረስ ተራርቀው ተገኙ። መንጋው ቢወረስም የመራጩ ዓይን አልተወረሰም ማለት ነው።

ዛሬ በአገራችን በመንዝና በቦንጋ የተጀመሩት ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ መርሐ ግብሮች ምርጥ አውራዎችን አርቢዎች በጋራ እንዲገለገሉባቸው ያደርጋሉ፤ መረጣው ግን በተመዘገበ ክብደት ላይ ይመሠረታል። የቤክዌል ሕይወት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ምርጥ አውራ በጥቂት ዓመታት ያልፋል፣ የተመረጠበት ምክንያት በጽሑፍ ካልሰፈረ አብሮት ያልፋል።