የእንዶድን ኃይል የገለጡት ሊቅ
የዶክቶር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ

ዕውቀት የሚገኘው በታላላቅ ከተማዎች በተሠሩ የምርመራ ቤቶች ብቻ ነው ብሎ ማሰብ በብዙ ሰው ልብ ያደረ ስሕተት ነው። የፍጥረትን ነገር በትዕግሥት ለሚመለከት ሰው ግን የወንዝ ዳርም ትምህርት ቤት ነው። ይህንንም በቃል ሳይሆን በሥራ ካስረዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክቶር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደዚሁም በሌላው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ እንዶድ ለሕዝቡ የታወቀ ተክል ነው። በአጥር ጥግ ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ በተበጠበጠ ጊዜ ነጭ አረፋ ይሰጣል። ሳሙና በየገበያው ሳይደርስ ለብዙ ዘመን የበዓል ነጠላና የካህናት ጥምጥም የነጣው፣ የቆሎ ተማሪም ልብሱን ያጠበው በዚሁ በእንዶድ ነው። ነገር ግን ሸማን የሚያነጣው ይህ አረፋ ሰውን ከሞት ለማዳንም ይረዳ እንደ ሆነ መርምሮ ለዓለም የነገረ ሰው እስከ ዶክቶር አክሊሉ ድረስ አልተነሣም ነበር።

ዶክቶር አክሊሉ የተወለዱት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1935፣ የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ ወጣቶች ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ በሚላኩበት ዘመን እሳቸውም በአሜሪካ ተምረው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክቶርነትን ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያ አገር ተቀምጦ መኖር ለሚፈልግ ሰው በሩ የተከፈተ ሳለ፣ የተማሩትን ለወገናቸው ሊያውሉ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ ምርመራቸውን ያዋሉት ቢልሐርዝያ በሚባለው በሽታ ላይ ነበር። የበሽታውን ትል ቴዎዶር ቢልሐርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በካይሮ ስላገኘው በሽታው በስሙ ይጠራል። ትሉ በሰው የደም ሥር ውስጥ ይኖራል፤ ዕንቍላሉም ጕበትንና አንጀትን ይጎዳል። ዕንቍላሉ ከሰው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በአንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም እንደ ገና ወደ ውሃ ወጥቶ የሚታጠበውን፣ የሚዋኘውንና ውሃ የሚቀዳውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ መንገድ ይቈረጣል ማለት ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድሉ የፋብሪካ መድኃኒቶች በኤውሮፓ ተሠርተው ነበር፤ ዋጋቸው ግን ለድኻ አገር የሚቻል አልነበረም።

በ1964 ዶክቶር አክሊሉ በዐድዋ አጠገብ በወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎችን ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተገኙ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ግን ሕያዋን ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ፤ ከሴቶቹም አንዷ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ወዳሉበት ስፍራ ከፍ ብላ እንድታጥብ ለመኗት። ጥቂት ቆይቶ በዚያም ያሉት ሞቱ። ትልቁ ግኝት የተዠመረው በዚህ ዓይነት ከልብስ አጣቢዎች ጋራ በተደረገ ጨዋታ ነው።

የዚህም ምክንያት በኋላ በኬሚስትሪ ተገለጠ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ። የሳፖኒን አንዱ ወገን ውሃን፣ ሌላው ወገን ቅባትን ይወዳል፤ ስለዚህ ከውሃ ጋራ ሲገናኝ ያረፋል፣ እድፍንም ከልብስ ያላቅቃል። ይኸው ጠባዩ የቀንድ አውጣውን ገላ ስስ ሽፋን ስለሚያፈርሰው ይገድለዋል። ከፍሬው ተለይቶ ከወጣው ንጥረ ነገር ዋነኛው በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። እንዶድ ለዓሣም የሚያሰጋ ስለ ሆነ በልክና በጥንቃቄ መጣል ያስፈልገዋል፤ ሆኖም በውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቈይ ፈርሶ ስለሚጠፋ እንደ ሌሎቹ መርዞች አይከማችም።

ዶክቶር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቱትን አቋቋሙ፤ ይህም ድርጅት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዐድዋ ከተማ ውሆች ላይ እንዶድ እየተጣለ ታላቅ ፈተና ተደረገ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከመቶ 63 ሰው ይዞ የነበረው በሽታ ወደ 33 ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። የሥራ ጓደኛቸው ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዓይነቶች ከየአገሩ ሰብስበው፣ ተክለውና አነጻጽረው፣ ፍሬው የበዛውንና ኃይሉ የበረታውን ቍጥር 44 የተባለውን ዓይነት መረጡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓለም ነገሩን ወዲያው አልተቀበለውም። በአፍሪካ የምርመራ ቤት የተገኘው ውጤት ብቻውን እንደማይበቃ ተነገረ፤ እንዶድ ሰውንና እንስሳን የማይጎዳ መሆኑም በሀብታሞቹ አገሮች ሥርዐት እንደ ገና እንዲመረመር ተጠየቀ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ በድኻ አገር እጅ ስላልነበረ ብዙ ዓመታት በደጅ ጥናት አለፉ። ነገሩ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒት ሰውን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ የተገባ ሲሆን፣ ጥንቃቄው ለድኻው በር መዝጊያ ሲሆን ግን በየወንዙ የሚታመሙት ሕፃናት ዋጋውን ይከፍላሉ።

በፈረንሳይ አገር ማዳም ማሪ ኩሪና ባለቤታቸው ፒየር ኩሪ በ1898 ራዲየምን ባገኙ ጊዜ የብቻ ባለመብትነትን ሳይፈልጉ ጥበቡን ለዓለም ለቀቁ። ማዳም ኩሪም በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። የእንዶድ ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1990 ዓመታት በአሜሪካ በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧን የሚደፍን አንድ ዓይነት ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ተመርምሮ ታወቀ፤ ዶክቶር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ቢሆኑም የፓተንቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ሆነ። እንዶድን ከአያት ከቅድመ አያት ዠምሮ ጠብቆ ያቈየው የኢትዮጵያ ገበሬና ልብስ አጣቢዋ ሴት ከዚህ ምን ይደርሳቸዋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተነሥቷል።

ሆኖም ድካማቸው ያለ ክብር አልቀረም። በ1989 ዶክቶር አክሊሉ ለማና ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን አገር የሚሰጠውንና ብዙ ሰው አማራጩ ኖቤል እያለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክቶር አክሊሉ በኋለኛው ዕድሜያቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ በተለይም ስለ ሕፃናት በሚሠራው በዩኒሴፍ አገልግለው በ1997 ዐረፉ።

ዛሬ ቢልሐርዝያን የሚፈውስ ፕራዚኳንቴል የተባለ ኪኒን አለ፤ የተፈወሰው ሰው ግን ወደዚያው ውሃ ቢመለስ እንደ ገና ይያዛል። ስለዚህ የቀንድ አውጣው ነገር አላበቃም፤ እንዶድም ዐቅሙ በሚፈቅደው መጠን ገና በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። የደጋው ብርድ ለዚያ ቀንድ አውጣ አይስማማውም፤ በጣና ዳርና በሞቃቱ አገር ግን በሽታው የታወቀ ነው። እንዶዱ በሚበቅልበት በደጋው የሚኖረው ሰው ለሥራም ለንግድም ወደ ቆላ ይወርዳልና፣ ታማሚውና መድኃኒቱ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም።

ከዚህ ታሪክ ባለሥልጣን የሚማረው አለ፤ ሕዝቡ በልማድ የሚያውቀውን ነገር ከመናቅ በፊት መመርመር፣ የሚመረምረውንም ሰው በገንዘብና በሥልጣን መርዳት ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ስለ ዕፀዋት ጠባይ በቃልና በብራና ያለውን ዕውቀት ሳይጠፋ ለተተኪው ቢያስተላልፉ ታላቅ ሥራ ነው። ዶክቶር አክሊሉ በዐድዋ ወንዝ ዳር ያገኙት ሀብት ዓይናቸው ብቻ የፈጠረው አልነበረም፤ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች ለብዙ ትውልድ በእጃቸው ሲይዙት የኖሩት ነው። የእሳቸው ታላቅነት ያንን ለማየት ዝቅ ማለታቸውና ለመጠየቅ አለማፈራቸው ነበር።