ዦዜፍ ሉዊ ላግራንዥ፤ የሒሳብ ሊቅ

ስለ ነገሥታትና ስለ አርበኞች ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ እኛ ግን ለዚህ የበዓል መጽሔት አንድ የሒሳብ ሊቅ መረጥን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ላግራንዥ በ1736 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቱሪን ከተማ ተወለደ። ከ11 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት ሁለት ብቻ ሲሆኑ በኵሩ እርሱ ነበረ። አባቱ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ ነገር ግን ትርፍ እናገኛለን ብለው በገቡበት ንግድ ሀብታቸውን አጠፉ። ልጁ በመጀመሪያ ሒሳብን አልወደደም። በ17 ዓመቱ ግን በጅራታሙ ኮከብ ስሙ የታወቀው የእንግሊዙ ሊቅ ሃሌይ የደረሰውን ጽሑፍ በአጋጣሚ አንብቦ ልቡ ተማረከ። በ19 ዓመቱ በቱሪን የመድፈኞች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆነ። በክፍላችን 19 ዓመት የሞላቸው አሉና ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን።

በ1766 ዓ.ም. ታላቁ ሊቅ ኦይለር በርሊንን ለቅቆ ሲሄድ፥ የፕሩስያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ላግራንዥን በእርሱ ቦታ አስጠራው። እዚያም 20 ዓመት ያህል ተቀመጠ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ትምህርት የሚማሩትን፥ ቋሚ ቁጥሮችን የመለዋወጥ ዘዴ በአጠቃላይ መልኩ ያቀረበው በዚያ ሳለ ነው፤ ሐሳቡን አስቀድሞ የጀመረው ግን ኦይለር ነበር።

ነገሩን በገንዘብ ምሳሌ እንየው። በባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ወለድ ብቻ የሚጨመርበት ቢሆን፥ ያለን ሁሉ የመጀመሪያው ገንዘብ በወለዱ ዕድገት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘብም ቋሚ ቁጥር ነው። በየጊዜው አዲስ ገንዘብ ብናስገባበት ግን ይህ መልስ አይሆንም። ላግራንዥ የቀድሞውን መልስ አልጣለውም፤ መልኩን እንዳለ ትቶ ቋሚ የነበረውን ቁጥር እንዲለወጥ ፈቀደለት። ስለዚህ ዛሬ የገባው አንድ ብር በመጀመሪያው ቀን ገብቶ ቢሆን ስንት ሳንቲም ይበቃ እንደ ነበር ወደ ኋላ እንተምናለን። እንዲህ የተተመኑትን ሁሉ ከመጀመሪያው ገንዘብ ጋር ደምረን በዕድገቱ ስናባዛ መልሱ ይወጣል።

እርሱ ግን ያሰበው ስለ ፕላኔቶች ነው። ፀሐይ ብቻ ብትስባቸው ኖሮ የእያንዳንዳቸው መንገድ የማይለወጥ ሞላላ ይሆን ነበር። ጁፒተርና ሳተርን እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ፥ የሞላላው ስፋትና ዝንባሌ ቀስ በቀስ እንደሚለዋወጥ አድርጎ አሰላው። ከደጀን ዳር ቆመን ማታ ጁፒተርን ከአባይ በረሃ በላይ ስናያት ይህ ትዝ ይለናል።

በ1783 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተችበት። በ1787 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በሚከተለውም ዓመት አንድ ሥዕል የሌለበት ታላቁ የሜካኒክስ መጽሐፉ ታተመ። ነገር ግን ልቡ ዝሎ ስለ ነበረ መጽሐፉን ሁለት ዓመት ሳይገልጠው ቀረ ይባላል። በ1793 ዓ.ም. የአብዮቱ መንግሥት የውጭ አገር ሰዎች እንዲታሰሩ ባዘዘ ጊዜ የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮዋዝዬ አማልዶ አዳነው። በሚከተለው ዓመት ላቮዋዝዬ ራሱ ተሰየፈ፤ ላግራንዥም እጅግ አዘነ። በደጀን ገበያ የምንመዝንበትን ኪሎ ካስገኘው የመለኪያ ጉባኤም አባል ነበረ።

ከ1808 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ዕድሜው ከ70 ካለፈ በኋላ፥ ወደ ፕላኔቶቹ ተመልሶ ዘዴውን ፍጹም አደረገው። የሜካኒክስ መጽሐፉን ለሁለተኛ እትም እያረመ ሳለ በ1813 ዓ.ም. ሞተ፤ ሁለተኛው ክፍል የወጣው ከሞተ በኋላ ነው።