አበበ ቢቂላ፦ ሩጫው ከቆመ በኋላ ከጎኑ የነበሩ ሰዎች

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ብቻውን ከፊት ሲሮጥ ነው። ከመኪና አደጋው በኋላ ስለኖረባቸው አራት ዓመት ተኩል ግን ብዙም አይወራም። ድንገት ከወገብ በታች መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው በቤቱ ላለ ቤተሰብ ከሁለቱ የወርቅ ሜዳሊያዎች ይልቅ የሚጠቅመው ይህኛው የሕይወቱ ክፍል ነው።

አበበ በ1924 ዓ.ም. ጃቶ በተባለች የሸዋ መንደር ተወለደ። ክብር ዘበኛ ገብቶ ወታደር ሆነ፤ ለሩጫ ያበቃውም ይኸው ቤት ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። እንደ ማሞ ወልዴ ካሉ የክብር ዘበኛ ሯጮች ጋር አብሮ ይለማመድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ የውብዳር ወልደጊዮርጊስን አገባና አራት ልጆች ወለዱ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ የሮም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ።

ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት ደግሞ ትርፍ አንጀት ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማራቶኑን ዳግመኛ አሸነፈ። (ይህን አይታችሁ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ ወደ ልምምድ ለመመለስ አትቸኩሉ። መቼ መጀመር እንዳለባችሁ የሚወስነው ያከማችሁ ሐኪም ነው።) በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን አመመውና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች። መኪናዋ ውስጥ ተይዞ አደረና በማግስቱ ጠዋት አወጡት። አንገቱ ላይ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ ስታዩ እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ ተጎጂውን ጎትታችሁ አታውጡ። ጭንቅላቱና አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። እዚያ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍሉን በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። ከእሳቸው በፊት እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ጉትማን ያመጡት ለውጥ ትልቅ መሣሪያ አልጠየቀም። በሽተኛው ሌሊትም ሳይቀር በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፣ ቆዳው ይታያል፣ ሽንቱ በንጽሕና ይወጣል። ይህን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቀውም። ቤት ውስጥም ያው ነው፦ ሚስት ወይም እናት ብቻዋን ሌሊቱን ሙሉ የምትገላብጥ ከሆነ በወር ውስጥ እሷም ትታመማለች። ተራው ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ለወንድም፣ ለእህት፣ ለጎረቤት ይከፋፈል። ጉዳቱ ከደረት መሃል በላይ ከሆነ ሁሉም አስታማሚዎች አንድ ነገር ይወቁ፤ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታትና ላብ ከመጣ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ፊኛው መሙላቱን ወይም የሽንት ቱቦው መታጠፉን እዩ፣ ካልተሻለው ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

አበበ መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ያህል ሆስፒታሉ ቆየ። ከመላው ዓለም የመልካም ምኞት ካርድ ይመጣለት ነበር፣ ንግሥት ኤልሳቤጥም ጠይቀውታል። እንዲህ ዓይነቱ ጥየቃ ደስ ያሰኛል፤ ክንድን የሚያጠነክረው ግን የየዕለቱ ልምምድ ነው። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርገውት ነበር። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን 16 ታካሚዎችን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት አወዳደሩ። ቀስት ክንድን፣ ትከሻንና ወገብን ያጠነክራል፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ለመሸጋገር የሚያስፈልገው ጉልበትም ይኸው ነው። በኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተባለው ውድድራቸው የተከፈተው ሮም ውስጥ ነበር፣ አበበ በዚያው ከተማ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ። ያን ጊዜ ይህ ነገር እሱን ይመለከተዋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

በ1962 ዓ.ም. አበበ ራሱ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጠራ። እንግዳ ሆኖ ከመቀመጥ ይልቅ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፣ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድርም አሸነፈ። ለእኔ ከቶኪዮው ድል የማያንስ ነው። አዲስ ግብ ያገኘው በአዲሱ አካሉ ልክ ነበር፤ ግቡንም ያገኘው ተመሳሳይ ጉዳት ካላቸው ሰዎች መሃል ነው። ቤተሰብ የቱንም ያህል ቢወድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖር ሰው የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ሊያስተምር አይችልም። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ተመሳሳይ ጉዳት ካለው ሰው ጋር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከሮሙ ድል ልክ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ የሙኒክ ኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ነበር፤ ሕዝቡም ተነስቶ አጨበጨበለት። የልምምድ ጓደኛው ማሞ ወልዴ በአርባ ዓመቱ ገደማ ሦስተኛ ወጣ። አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን እንደተቀበለ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። በቀብሩ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኙ።