ኤጋስ ሞኒዝ
አንቶንዮ ኤጋስ ሞኒዝ (ኖቬምበር 29 ቀን 1874 – ዲሴምበር 13 ቀን 1955 እ.ኤ.አ.) ፖርቱጋላዊ የነርቭ ሐኪምና ፖለቲከኛ ነበሩ። የአንጎል የደም ሥሮችን በራጅ የሚያሳየውን ምርመራ፣ የአንጎል አንጂዮግራፊን፣ የፈለሰፉት እርሳቸው ናቸው።

ሕይወት
በአቫንካ መንደር ተወለዱ። በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ከ1911 ጀምሮ በሊዝበን የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1918 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።

አንጂዮግራፊ
አጥንት በራጅ ይታያል፤ የደም ሥር ግን አይለይም። ስለዚህ ሞኒዝ ራጅ የማያሳልፍ ፈሳሽ በአንገት የደም ሥር በኩል ወደ አንጎል ለመላክ አሰቡ። እጃቸውን ሪህ ስለጎዳው መርፌውን የሚወጋው ባልደረባቸው አልሜዳ ሊማ ነበር። በመጀመሪያ የተጠቀሙት ስትሮንሺየም ብሮማይድ ነበር፤ አንድ ታካሚ ሲሞት ትተውት ሶዲየም አዮዳይድን ሞከሩ። ጁን 28 ቀን 1927 ሙከራው ተሳካ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የአንጎል ዕጢንና ያበጠ የደም ሥርን ከቀዶ ሕክምና በፊት ማየት ቻሉ።

ጊዜያዊ የማየት ችግር
ዛሬ የሚሰጠው ፈሳሽ ከጥንቱ እጅግ የተሻለ ቢሆንም ከጉዳት ፈጽሞ ነጻ አይደለም። አልፎ አልፎ ታካሚው ከምርመራው በኋላ በድንገት ማየት ይሳነዋል። ምክንያቱ ፈሳሹ እይታን የሚያስተናግደውን የአንጎል ኋለኛ ክፍል ማወኩ ነው። ዓይኑ ራሱ ስላልተጎዳ ብሌኑ ብርሃን ሲያይ ይጠብባል። እይታው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ሆኖም ስትሮክም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው አንጎል ወዲያውኑ በድጋሚ ይመረመራል።

ኖቤል ሽልማት
ሞኒዝ በ1949 ከቫልተር ሄስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የተሸለሙት ግን በአንጂዮግራፊ ሳይሆን ለአእምሮ ሕመም በጀመሩት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ነው። ያ ቀዶ ሕክምና ብዙዎችን ጎድቶ ቀርቷል፤ አንጂዮግራፊ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።